«ለአንድ ሳምንት ብቅ በሉ» ለምንል የወሎ ቤተሰቦች

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ጉዳዩ፦ በአሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻቸው ውሳኔ ያላገኘ ሙሽሮች የጫጉላ ሽርሽራቸውን የት ያድርጉ ስለሚለው ጥያቄ

በየዓመቱ የሠርግ ወራት ሲደርስ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅና በወልድያ ብዙ ቤቶች ውስጥ አንድ ዓይነት ሙግት ይነሣል። ልጃቸው አሜሪካ ተድሯል፤ ከተጋቢዎቹ አንዱ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ሲሆን ሌላው ለግሪን ካርድ አመልክቶ ይጠባበቃል። እዚህ ያሉት ወላጆች መልሱም፣ ቅልቅሉም፣ የሽማግሌ ምርቃቱም ስለቀረባቸው «ጫጉላችሁን እንኳ እዚህ አድርጉት፤ ለአንድ ሳምንት ብቅ በሉ» ይላሉ። ልጆቹ አንችልም ሲሉ ኩርፊያ ይከተላል፤ ብዙውን ጊዜም ጥፋቱ የሚለጠፈው በማያውቋት ሙሽራ ላይ ነው። እኔ በደሴ ከተማ የጋብቻና የልደት ማስረጃዎችን በመተርጎም የምተዳደር ሰው ነኝ፤ የእነዚህ ቤተሰቦች ወረቀትም ወቀሳም ወደ ጠረጴዛዬ ስለሚመጣ፣ ልጆቹ በዚህ ጉዳይ ትክክል መሆናቸውን በጋዜጣችሁ በኩል ላስረዳ እወዳለሁ።

አንድ የውጭ ዜጋ አሜሪካ ውስጥ ሆኖ በቅጽ አይ-485 የመኖሪያ ፈቃድ ከጠየቀ በኋላ፣ ውሳኔ ሳይሰጠው፣ እዚያ ያሉት ሰዎች አድቫንስ ፓሮል የሚሉትን የጉዞ ፈቃድ ሳይዝ ከአገሪቱ ቢወጣ፣ ማመልከቻውን በገዛ ፈቃዱ እንደተወው ይቆጠራል። ለሠርግ ወጣ ለለቅሶ፣ ለአንድ ቀን ወጣ ለወር፣ ልዩነት የለውም። እንደ ኤች-1ቢ እና ኤል ባሉ የሥራ ቪዛዎች ሕጋዊ ቆይታቸውን ጠብቀው ያመለከቱ ሰዎች ከዚህ ነጻ የሚሆኑበት ሁኔታ አለ፤ ከወሎ ቤት የሚደወልላቸው ሙሽሮች ግን አብዛኞቹ ከእነዚህ ወገን አይደሉም። የጉዞ ፈቃዱ የሚጠየቀው በቅጽ አይ-131 ነው፤ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 በወጣው ተመን ለዋናው ማመልከቻ 1,440 ዶላር ሲከፈል ለጉዞ ፈቃዱ ደግሞ ለብቻው 630 ዶላር ይከፈላል። ጠይቄያለሁ ብሎ መንገድ መጀመርም አይቻልም፤ ወረቀቱ በእጅ መግባት አለበት። በእጅ ከገባ በኋላም ቢሆን ተመላሹን የማስገባት ወይም ያለማስገባት ውሳኔ የድንበር መኮንኑ እንደሆነ ይቀራል። በእጮኛ ቪዛ የሄዱት ደግሞ ምርጫቸው የባሰ ጠባብ ነው፤ ቪዛው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የሚያገለግል ከመሆኑም በላይ በገቡ በ90 ቀናት ውስጥ መጋባትና ከዚያም ማመልከት ስለሚኖርባቸው፣ የጫጉላ ጊዜያቸው ከነሙሉ ደስታው በመጠባበቂያው ወራት ውስጥ ይወድቃል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የጥገኝነት ጠያቂው ነው። ይህ ሰው የጉዞ ፈቃድ ቢያገኝ እንኳ ሸሽቼዋለሁ ወዳለው አገር ተመልሶ ከገባ፣ አስገዳጅ ምክንያት ካላስረዳ በስተቀር ጥያቄውን እንደተወ ይገመታል። እንዲህ ያለው ጉዳይ በስልክ፣ ያውም ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት፣ የሚብራራ አይደለም። ስለዚህ ልጁ «አይመቸኝም» ብሎ ሲያቆም ለምን ብሎ አለመግፋት ይሻላል።

«እንግዲያውስ ዱባይ እንገናኝ» የሚለውም መፍትሔ አይሆንም። ሕጉ የሚመለከተው ከአሜሪካ መውጣቱን እንጂ የት መድረሱን አይደለም፤ ዱባይም፣ ዛንዚባርም፣ ደሴም በዚህ ረገድ አንድ ናቸው።

በዚህ አጋጣሚ ሳልጠቅሰው የማላልፈው ሌላ ነገር አለ። ለአስቸኳይ ጉዳይ፣ ለምሳሌ ወላጅ በጠና ሲታመም ወይም ሲሞት፣ የጉዞ ፈቃዱን በአስቸኳይ የሚጠይቁበት መንገድ መኖሩን የሰሙ ቤተሰቦች፣ ጤነኛ አባትን በወረቀት አልጋ ላይ አስተኝተው የሕክምና ማስረጃውን እንድተረጉምላቸው ይዘውልኝ ይመጣሉ። ተርጉሜ አላውቅም። ሐሰተኛ ማስረጃ አቅርቦ የኢሚግሬሽን ጥቅም ለማግኘት መሞከር በዚያ አገር ሕግ ሰውን ለዘለቄታው ከመግባት ሊያሳግድ የሚችል ነገር ነው፤ ለሳምንት ጫጉላ ሲባል የልጅን ትዳር ለሁለት አህጉር መክፈል የሚያስከትል ድፍረት ነው። እውነተኛው ሕመምተኛም በዚህ ምክንያት በጥርጣሬ መታየቱ አይቀርም።

እንግዲህ ሙሽሮቹ የሚቀራቸው በአገር ውስጥ፣ ማለትም በዚያው በአሜሪካ ውስጥ፣ መሽርሸር ነው፤ ይህም እዚህ እንደሚታሰበው የቅጣት ያህል አይደለም። ሐዋይ በውቅያኖስ መካከል ብትሆንም ክፍለ ግዛት ናት፤ ወደ እርሷ መብረር ከአገር መውጣት አይባልም። ከዋናው ምድር በቀጥታ በረራ ወደ ፖርቶ ሪኮ መሄድም እንደዚሁ የአገር ውስጥ ጉዞ ነው። የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶችም የአገሪቱ ግዛት ናቸው፤ ነገር ግን ከዚያ ወደ ዋናው ምድር ሲመለሱ ፍተሻ ስላለ ሰነድን አሟልቶ መያዝ ያስፈልጋል፤ ጎረቤታቸው ያሉት የብሪታኒያ ቨርጂን ደሴቶች ደግሞ ሌላ አገር ስለሆኑ በጀልባ ደርሶ መልስ ያለው ሽርሽር ከአገር መውጣት ነው።

አደጋው የሚደበቀው እንዲህ ባሉት ቦታዎች ነው። የኒያግራ ፏፏቴ በኒውዮርክና በካናዳዋ ኦንታሪዮ ድንበር ላይ ነው። በአሜሪካ በኩል ያለውን ጎት ደሴት ማየት፣ ከዚያው በኩል በሚነሣው ጀልባ እስከ ፏፏቴው ሥር መድረስ ይቻላል፤ ሬይንቦው የሚባለውን ድልድይ ተሻግሮ ከወዲያ ማዶ ፎቶ መነሣት ግን ማመልከቻውን ያስጥላል። «ከማዶ ሲታይ የበለጠ ያምራል» የሚል ጓደኛ አይጠፋም፤ እርሱ ግሪን ካርዱን ይዞ ነው። የመርከብ ሽርሽርም እንዲሁ ነው። ከማያሚ ተነሥቶ ባሃማስን ዞሮ ወደዚያው ወደ ማያሚ የሚመለስ መርከብ ላይ መሳፈር ከአገር መውጣት ነው። ከሲያትል ወደ አላስካ የሚሄዱት መርከቦች መነሻቸውም መድረሻቸውም የአሜሪካ ወደብ በመሆኑ ብዙዎችን ያሳስታሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ የቆየ ሕግ የውጭ ባንዲራ የያዘ መርከብ በአሜሪካ ወደቦች መካከል ብቻ መንገደኛ እንዳያመላልስ ስለሚከለክል፣ አብዛኞቹ በመንገዳቸው በካናዳ ወደብ ጎራ ይላሉ። ወደ አላስካ በመኪና መሄድም ካናዳን ማቋረጥ ነው፤ አላስካን የሚመኝ ሙሽራ በቀጥታ በረራ ይሂድ።

ቦታው ከተመረጠ በኋላ ቀኑ ይቀራል። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ የጣት አሻራና የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ማስታወቂያ በፖስታ ወደ መኖሪያ አድራሻ ይመጣል፤ ቀጠሮን ያለ በቂ ምክንያት ማሳለፍ ማመልከቻን እንደመተው ሊያስቆጥር ይችላል። ስለሆነም የአሻራው ቀጠሮ ካለፈ በኋላ ቀን መቁረጥ፣ ገንዘቡ የሚመለስ ወይም ቀኑ የሚቀየር ትኬትና ሆቴል መያዝ፣ በሌሉበት ጊዜ የፖስታ ሣጥናቸውን የሚያይ የታመነ ሰው ማስቀመጥ አስተዋይነት ነው። እ.ኤ.አ. ከሜይ 7 ቀን 2025 ጀምሮ በአገር ውስጥ በረራም ቢሆን ሪል አይዲ የሚባለው መታወቂያ ወይም በምትኩ ተቀባይነት ያለው ሰነድ ይጠየቃል፤ ጊዜው ያላለፈበት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለዚህ ይበቃል። ማመልከቻው መግባቱን የሚገልጸውን የመቀበያ ወረቀት ቅጂ አብሮ መያዝም ይገባል፤ በተለይ ከድንበር ብዙ በማይርቁ ከተሞች የድንበር ጠባቂዎች የፍተሻ ኬላ ላይ ሰነድ መጠየቃቸው የተለመደ ነውና።

ስለ ማስረጃ ከተነሣ፣ ሽርሽሩ ራሱ ለጋብቻው እውነተኛነት ከሚቀርቡት ነገሮች አንዱ ነው። በሁለቱም ስም የተያዘ ክፍል፣ የትኬት ደረሰኝ፣ ከሰው ጋር የተነሡት ፎቶ፣ ሁሉም ይጠቅማል። በጉዳይ አስፈጻሚነት ስም የሚዞሩ ሰዎች ግን ይህን ይዘው ልብስ እየለዋወጡ በአንድ ቀን የብዙ ወር የሚመስል ፎቶ እንዲነሡ ሙሽሮችን ይመክራሉ። እውነተኛ ባልና ሚስት ለምን እንደ ሐሰተኛ ይጨነቃሉ? ደረሰኙን በአንድ ፖስታ አስቀምጠው ዕረፍታቸውን ቢያርፉ ይሻላል፤ ቃለ መጠይቁ ላይ አብረው የኖሩትን መናገር ከተጠና ትረካ የቀለለ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት እዚያ ሆኖ ስለሚጠባበቀው ነው። ባሏ አሜሪካ ሆኖ እርሷ ደሴ ወይም ቦሩ ሜዳ ሆና በአዲስ አበባ ኤምባሲ በኩል የምትጠባበቅ ሙሽራ በዚያ ሕግ አትያዝም። ይህን አደባልቀው፣ ከአሜሪካ የሰሙትን «መውጣት ክልክል ነው» የሚል ወሬ በእርሷ ላይ የሚጭኑ ቤተሰቦች አጋጥመውኛል። እርሷ ከኢትዮጵያ ብትወጣ ማመልከቻው አይሰረዝም፤ የኤምባሲው ጥሪ በመጣ ጊዜ ከነፓስፖርቷ መገኘት መቻሏ ነው ዋናው። ባልየው ለዕረፍት ሲመጣ ግን እዚሁ ብዙ አለላቸው፦ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሐይቅ ዳርቻ አለ፤ መንገዱ ሰላም መሆኑ ተጠይቆ ከተረጋገጠ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት አሉ።

ለአንዳንዶቹ ደግሞ ይህ የአገር ቤት ጫጉላ ከደስታ በላይ ሕጋዊ ትርጉም አለው። በእኛ አካባቢ ባል በአሜሪካ ሆኖ በወኪል ኒካሕ ማሰር የተለመደ ነው። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ግን ተጋቢዎቹ በአካል ሳይገናኙ የተፈጸመን ጋብቻ፣ ከዚያ በኋላ በባልና ሚስትነት አብረው እስካልሆኑ ድረስ አይቀበለውም። እንዲህ ያሉት ተጋቢዎች አስቀድሞ ባል መጥቶ፣ አብረው ቆይተው፣ የመግቢያ ማኅተሙንና የሆቴሉን ደረሰኝ አስቀምጠው ከዚያ በኋላ ቢያመለክቱ የወራት እንግልት ይቀርላቸዋል። ቅደም ተከተሉን ገልብጠው የመጡ ቤተሰቦችን ሰነድ ስተረጉም የማዝነው፣ ነገሩ ሲጀመር አንድ ሰው ቢነግራቸው ኖሮ የሚታረም ስለነበረ ነው።

አሜሪካ ላሉት ሙሽሮች ወላጆች የምጠይቀው ግን ትንሽ ነገር ነው። ወዳጃው ይቀመጥ፣ ቡናው ይፈላ፣ ሽማግሌዎቹ ልጆቹን በስልክ ይመርቁ፤ መልሱ ግሪን ካርዱ ከመጣ በኋላ በሰፊው ይደገሳል። በተጋቡ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የጸደቀላቸው የሚያገኙት ካርድ የሁለት ዓመት ቢሆንም እርሱን ይዞ መውጣትና መግባት ይቻላል።

ለዝግጅት ክፍላችሁም አንድ ጥያቄ አለኝ። የውጭ አገር የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቁ ጠበቆችን እየጋበዛችሁ፣ በተለይ በወኪል ስለሚታሰር ኒካሕና ስለ ጉዞ ፈቃድ፣ የሠርጉ ወራት ከመግባቱ በፊት በዐምዳችሁ ላይ እንዲጽፉ ብታደርጉ ቢያንስ የእኔ ደንበኞች ጋዜጣውን ይዘው እንዲመጡ እነግራቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የሰነድ ተርጓሚ አንባቢያችሁ፣ ደሴ፣ ፒያሳ