የአቆስጣ አካሄድ በጅምላ አይገለጽም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ባሕር አጥቢ እንስሳት ያወጣችሁት ጽሑፍ፣ ብዙዎች በእንግሊዝኛ ስሙ «ሲል» (seal) የሚሉት አቆስጣ ከውኃ ሲወጣ እየተንፏቀቀና እየተንደፋደፈ እንደሚሄድ በሚያስቁ ቃላት ገልጾታል። ቃላቱን ወድጃቸዋለሁ፤ ለአቆስጣ ዘር ሁሉ በጅምላ መሰጠታቸው ግን ልክ አይደለም።

በሆዳቸው የሚሄዱት ውጫዊ የጆሮ ቅጠል የሌላቸው፣ እውነተኛ አቆስጣ የሚባሉት ናቸው። ከቁርጭምጭሚታቸው አጥንቶች አንዱ ወደ ኋላ የወጣ ጉብታ ስላለውና ጅማት በዚያ ላይ ተወጥሮ ስለሚያልፍ፣ የኋላ መቅዘፊያቸውን (መቅዘፊያ መሰል እግራቸውን) ወደ ፊት አዙረው ከሰውነታቸው ሥር ሊያስገቡት አይችሉም። ስለዚህ እንደ አባጨጓሬ ደረታቸውን መሬት ላይ አሳርፈው ዳሌያቸውን ወደ ፊት ይሰበስባሉ፤ ከዚያም በዳሌያቸው ተደግፈው ደረታቸውን ወደ ፊት ይወረውራሉ፤ ስባቸውም በየእመርታው ይናጣል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን አካሄድ በ1871 እ.ኤ.አ. በታተመ የቀልድ ግጥም ውስጥ በተፈጠረ ቃል «ጋለምፊንግ» ይሉታል፤ ተመራማሪዎችም ሳያፍሩ ይጠቀሙበታል። በእኛ ቋንቋ «እጥፍ ዘርጋ እያለ» ቢባል ከመንፏቀቅ የተሻለ የሚቀርበው ይመስለኛል።

በዚህ ወገን ውስጥም ቢሆን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። ስሙ ሸርጣን በል ሆኖ ሳለ በዋናነት ክሪል የተባሉ ሽሪምፕ መሰል ጥቃቅን የባሕር እንስሳትን የሚመገበው የአንታርክቲካ አቆስጣ፣ በበረዶ ላይ ሲቸኩል ሰውነቱን ግራና ቀኝ እያጠማዘዘ በፍጥነት ይንሸራተታል።

የባሕር አንበሳና ባለ ጸጉር አቆስጣ ግን ሌላ ቤተሰብ ናቸው። የኋላ መቅዘፊያቸውን ወደ ፊት አዙረው በአራት እግር ይራመዳሉ፣ ይሮጣሉ፣ ቋጥኝም ይወጣሉ። በሰርከስ ኳስ በአፍንጫቸው ሚዛን ሲጠብቁ የሚታዩት «ሲሎች» በአብዛኛው የእነዚህ ወገን ናቸው።

ጽሑፉ የአካሄዱን ምክንያት ውፍረት ብቻ ማድረጉም አላሳመነኝም። እውነተኛው አቆስጣ በውኃ ውስጥ የሚገፋው በኋላ መቅዘፊያው ነው፤ በየብስ የሚያስቸግረው የእግሩ አሠራር ሲዋኝ ዋነኛ ኃይሉ ነው። ከእውነተኛ አቆስጣዎች አንዱ የሆነው ወንዱ የደቡብ የባሕር ዝሆን እስከ 4 ቶን ሊመዝን ይችላል፤ በባሕር ዳርቻ ጥቂት ተጉዞ ለማረፍ ይቆማል፤ ይኸው ዝርያ ግን ከ2000 ሜትር በላይ ጠልቆ መግባት ይችላል።

ከጽሑፉ ጋር የወጣው ፎቶግራፍም ትንንሽ የጆሮ ቅጠሎች ያሉት፣ በፊት መቅዘፊያው ተደግፎ ደረቱን ቀና ያደረገ እንስሳ ያሳያል። ይህ የባሕር አንበሳ ስለሆነ፣ በሆዱ እንደሚሄድ የሚናገረው የፎቶግራፉ መግለጫ በሚቀጥለው እትም እንዲታረም በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ