ግድግዳው ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም

አንቺዬ፣

መቼም የጠፋሁት እኔ ነኝ። ሰበብ አልደረድርልሽም፤ ይቅርታ፣ ከልቤ ይቅርታ። ልጁ እንዴት ነው? የእማማ ጉልበት ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ፣ ሥራውም እንደነበረው ነው። የቀረውን ሌላ ቀን እጽፍልሻለሁ።

ዛሬ ያስጻፈኝ ሌላ ነገር ነው። ወደዚያ ከተማ ከሄድሽ ስምንት ወር ሊሞላሽ ነው፣ አንድም ቀን ግን ባንድ ሲጫወት አላየሽም አሉኝ። ቅዳሜ ሜዳ ላይ ነጻ ኮንሰርት አለ ስትባዪ "እዚህ ከተማ ሙዚቃ የለም" አልሽ አሉ። አንቺ! ከበሮ በሰማች ቁጥር ትከሻዋ አልታዘዝ የሚላት ሴት! ከተማው ሙዚቃ እንዳላጣ፣ አንቺም ሜዳ ላይ መድረክ ወጥተሽ ከዘፈንሽበት ከዚያ ቀን ወዲህ መድረክ ባለበት ማለፍ እንደተውሽ ሁለታችንም እናውቃለን። ያን ቀን ከመድረክ ስትወርጂ "ከቅኝት ወጥተሻል" ያልኩሽ ደግሞ እኔ ነኝ።

ይህችን ነገር እንዴት ብዬ እንደምጽፋት ግራ ገብቶኝ ነው ወራቱ የነጎዱት። በቃ ልናገረውና ይውጣልኝ፦ ተሳስቼ ነበር። ጥፋቱ የድምፅሽ አልነበረም፣ የግድግዳው ነበር።

ስሚኝ። አየሩ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከመድረኩ ፊት ለፊት 60 ሜትር ላይ ረጅም ግንብ ካለ፣ ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ግንቡን መትቶ እስኪመለስ 120 ሜትር ይሄዳል፤ ከሰከንድ ሲሶ ትንሽ የሚያልፍ ጊዜ ነው። በደቂቃ 90 ምት የሚሄድ ዘፈን ላይ ደግሞ ግማሽ ምት ልክ ሲሶ ሰከንድ ነው። እንግዲህ አስቢው፤ ከአፍሽ የወጣው ቃል ግማሽ ምት ዘግይቶ ተመልሶ ጆሮሽን ይመታል። እግርሽ ሥር ያለው ሞኒተር፣ ማለት የራስሽን ድምፅ ለአንቺው የሚያሰማሽ ስፒከር፣ ጠንካራ ቢሆን ያንን ድምፅ ይሸፍነው ነበር። ሞኒተሩ ከደከመ ግን ጆሮ የሚይዘው የተመለሰውን ነው። እሱን ስትጠብቂ ወደ ኋላ ትጎተቻለሽ፣ ድራሙ ጥሎሽ ይሄዳል። ራስሽን ስለማትሰሚ ድምፅሽን ትገፊዋለሽ፣ ጉሮሮሽ ይጠብቃል፣ ቅኝቱ ያመልጣል። ማንንም ዘፋኝ እዚያ ቦታ ብታቆሚው ይኸው ነው የሚገጥመው።

ሞኒተሩን ዝም ብሎ ከፍ ማድረግም መፍትሔ አይሆንም። ማይኩ የሞኒተሩን ድምፅ መልሶ ሲይዘው ፊድባክ ይነሳል፣ ያ ጆሮ የሚበሳው ፉጨት። ደህናው መንገድ ከዘፋኟ ሞኒተር ውስጥ ድራሙንና ጊታሩን ቀንሶ ለድምፅዋ ቦታ መተው፣ ማይኩን ወደ አፏ ማስጠጋት፣ የማይኩን ጭንቅላት በእጅ አለመጨበጥ ነው። ማይኩን ጨብጠሽ እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ ግን ማንም አልነገረሽም። እኔም አላውቅም ነበር።

ፀሐዩም አለ። ፀሐይ የመታው የጊታር ክር ይለጠጥና ድምፁ ይወርዳል። ሳክስፎንና ትራምፔት ግን ውስጣቸው ያለው አየር ሲሞቅ ድምፃቸው ይወጣል፤ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ከጨመረ የግማሽ ድምፅ (በኪቦርድ ላይ በሁለት አጠገብ ለአጠገብ ቁልፎች መካከል ያለው ልዩነት) ሲሶ ያህል ሊያልፉ ይችላሉ። አንዱ ወርዶ ሌላው ወጥቶ ሳለ አንቺ ከየትኛው ጋር ልትስማሚ ነበር?

ይህን ሁሉ የምለፈልፈው ቅዳሜ እንድትሄጂልኝ ነው። ለመዝፈን አላልኩም፣ ለመስማት ብቻ። እንዴት እንደምትሰሚው ልንገርሽ፤ ሜዳ ላይ የሚጫወት ባንድ መጥፎ ቦታ ቆመው ከሰሙት መጥፎ ባንድ ይመስላል።

ሜዳው እንደደረስሽ የድምፅ ባለሙያው ያለበትን ድንኳን ፈልጊ፤ አብዛኛውን ጊዜ መድረኩ ትይዩ፣ ሕዝቡ መሀል ነው። ሰውየው ሚክሰሩን፣ የድምፁን ሁሉ ልክ የሚቆጣጠርበትን ሰሌዳ፣ የሚያስተካክለው እዚያ ቆሞ በሚሰማው ልክ ስለሆነ ከዚያ አካባቢ የተሻለ ቦታ አታገኚም። ልክ መሀል መስመሩ ላይ ግን አትቁሚ። የባስ ስፒከሮቹ ግራና ቀኝ ተለያይተው ከተደረደሩ የሁለቱ ድምፅ መሀል ላይ እኩል ደርሶ ይደራረባል፣ ደረት ይደልቃል። ጥቂት እርምጃ ወደ ጎን ስትዪ ይቀልልሻል። አጥሩ ጥግ ድረስ መጋፋቱንም ተዪው፤ እዚያ ጎልቶ የሚሰማሽ ከመድረኩ በቀጥታ የሚወጣው የድራምና የጊታር ድምፅ ነው፣ የዘፋኙን ድምፅ የያዙት ስፒከሮች ግን በራስሽ ላይ አልፈው ወደ ኋላ ነው የሚተኩሱት። ከፊት የቆመ ሰው "ዘፋኙ አይሰማም" የሚለው ለዚህ ነው።

ነፋሱንም እዪ። ከመድረኩ ወደ አንቺ ከነፈሰ ድምፁ ወደ መሬት ይታጠፋል፣ ርቀሽም ትሰሚዋለሽ። ከአንቺ ወደ መድረኩ ከነፈሰ ወደ ሰማይ ይታጠፍና ያልፍሻል። መሬቱ በቀትር ሲግልም ድምፁ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ጀምበር ጠልቃ መሬቱ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ዝቅ ይላል፣ ሩቅ ሰፈር ድረስም ይደርሳል። ሳውንድ ቼኩ፣ ከኮንሰርቱ በፊት የሚደረገው የድምፅ ሙከራ፣ ቀን ባዶ ሜዳ ላይ ተደርጎ ኮንሰርቱ ማታ በሰው በተሞላ ሜዳ ሲጀመር የቀኑ ልክ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው። የሰው ገላና ልብስም ቀጭኑን ድምፅ ይውጠዋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘፈኖች አትፍረጂ፤ ባለሙያው ገና እየፈለገ ነው። መጀመሪያ ለሚወጣው ባንድ ደግሞ የበለጠ እዘኚለት። ብዙ ባንድ በሚሰለፍበት መድረክ ላይ ሙሉ ሳውንድ ቼክ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ዋናው ባንድ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ገመዱ መሥራቱ ታይቶላቸው ይገባሉ። ሆኖም የከተማውን አዲስ ሙዚቃ የምታገኚው ከእነሱ ነው፣ ስለዚህ በሰዓቱ ድረሺ።

ልጁን ይዘሽ እንደምትሄጂ አውቃለሁ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የድምፅ ጉልበት በዴሲቤል ይለካል፤ 85 ዴሲቤል ላይ ለአንድ አዋቂ በቀን ከ8 ሰዓት እንዳያልፍ ይመከራል። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ለሙዚቃ ቤቶችና ለኮንሰርቶች ባወጣው መመዘኛ ላይ የ15 ደቂቃው አማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ ብሏል። ለሕፃን ጆሮ ግን ይህም ብዙ ነው። ስፖንጁ የጆሮ መድፈኛ ለትንሽ ጆሮ አይሆንም፣ አይገጥምም፤ ጆሮውን በሙሉ የሚሸፍነውን፣ እንደ ሄድፎን ከራስ በላይ የሚታሰረውን ግዢለት። አስቀድመሽ ቤት ውስጥ አለማምጂው፤ ሜዳ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ካደረግሽለት አውልቆ ይወረውረዋል። ደግሞ ራቂ። ከአንድ ትንሽ ስፒከር ያለሽ ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል፤ ከ10 ሜትር ወደ 40 ብትሄጂ 12 ወረደ ማለት ነው። ረጅም ሆነው የተንጠለጠሉት ትልልቆቹ ስፒከሮች ግን በርቀት ቶሎ አይደክሙም፣ እነሱ ካሉ ከዚያም በላይ ራቂ።

ለራስሽ ስፖንጁ ይበቃሻል፣ አገባቡን ግን አብዛኛው ሰው ይሳሳተዋል። በጣትሽ አድቦልቡለሽ ቀጭን ክር አስመስዪው፤ በሌላው እጅሽ ጆሮሽን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቢው፤ አስገቢና እስኪነፋ 30 ሰከንድ ያህል በጣትሽ ያዢው። ጫፉ ከውጭ ብዙ ከታየ አልገባም። ስፖንጅ ቀጭኑን ድምፅ አብዝቶ ስለሚቆርጥ ሙዚቃው የታፈነ ይመስላል፤ አዘውትረሽ የምትሄጂ ከሆነ ለሙዚቀኞች የተሠራው፣ ሁሉንም እኩል የሚቀንሰው ይሻላል። ከኮንሰርት ስትመለሺ ጆሮሽ ጭው ካለ ልኩን አልፈሽዋል ማለት ነው፤ በማግስቱ ጸጥታ ስጪው።

ነጻ በሚባለውም በጭፍን አትተማመኚ። መግቢያ ባይከፈልም አስቀድሞ መመዝገብ የሚጠይቅ አለ፣ ሰው ሲሞላ በሩን የሚዘጋ አለ፣ ዝናብ ከመጣ ወደ አዳራሽ የሚዞር ወይም ጭራሽ የሚሰረዝ አለ። የዕለቱን ማስታወቂያ ጠዋት ደግመሽ እዪ፣ "ዝናብ ከጣለ የት?" ብለሽም ጠይቂ። መብረቅ አይተሽ እስከ 30 ከመቁጠርሽ በፊት ነጎድጓዱ ከተሰማ ባንዱ ባያቆምም አንቺ ውጪ። ዛፍ ሥር ወይም የመድረኩ ብረት አጠገብ አትጠለዪ፤ ወደ ሕንፃ ወይም መኪና ግቢ፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመለሺ።

አሁን ወደ ዋናው፣ "ሙዚቃ የለም" ወዳልሽው። ትልልቆቹ ኮንሰርቶች ፖስተር አላቸው፤ የከተማው ሙዚቃ ግን ያለው ትንንሾቹ ቦታዎች ነው፣ እነሱ ደግሞ አይለፈፉም። ዘፋኙን አትከተዪ፣ ባስ ጊታሪስቱን ተከተዪ። ዘፋኝ በአንድ ባንድ ይታወቃል፤ ጥሩ ባሲስትና ጥሩ ድራመር ግን በየትም ከተማ ስለማይበዙ አንዱ ሰው በሦስት በአራት ባንድ ይጫወታል። ቅዳሜ የወደድሽውን ባሲስት ስም ያዢና ሌላ ቀን የት እንደሚጫወት ፈልጊ፤ አንዱ ሌላውን ይመራሻል፣ በሁለት ወር ውስጥ ካርታው በእጅሽ ነው። ደብተር ያዢ፦ ቀን፣ ቦታ፣ ባሱን ማን፣ ድራሙን ማን፣ በስንት ሰዓት ተባለ፣ በስንት ሰዓት ተጀመረ። የመጨረሻዋ ዓምድ ብዙ ታድንሻለች፤ የተጻፈው ሰዓት በር የሚከፈትበት ይሁን መድረክ የሚወጣበት ከልምድ ነው የሚታወቀው። ሙዚቃ ትምህርት ቤቶች በተርም መጨረሻ የሚያቀርቡት ብዙ ጊዜ ነጻ ነው፣ ተማሪዎቹ ነገ የከተማው ባንድ ናቸውና አትናቂያቸው። የሙዚቃ መሣሪያ የሚጠግን ሰው ካገኘሽ ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

በየዓመቱ ጁን 21፣ በእኛ ሰኔ 14፣ የሙዚቃ ቀን የሚያከብሩ ከተሞች ብዙ ናቸው። በፈረንሳይ በ1982 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው፤ አማተሩም ባለሙያውም ጎዳና ወጥቶ በነጻ ይጫወታል። ከተማሽ የሚያከብረው ከሆነ በአንድ ቀን የስምንት ወሩን ትክሺዋለሽ።

አንድ ነገር ልጨምር… ልተወው ብዬ ነበር። ሙዚቀኞች ሥራ በማይበዛባቸው የሳምንቱ መጀመሪያ ቀናት ጃም፣ ማለት የፈለገ ሙዚቀኛ መድረክ ወጥቶ ከሌሎች ጋር የሚጫወትበት ምሽት፣ የሚደረግባቸው ቤቶች በብዙ ከተሞች አሉ። መጀመሪያ አንድ ሳምንት ሄደሽ ቁጭ ብለሽ ስሚ፣ የትኞቹን ዘፈኖች እንደሚያውቁ መዝግቢ። ከዚያ፣ ከፈለግሽ ብቻ፣ ጃሙን የሚመራው ሰው ጋ ስምሽን አስመዝግቢ። የምትዘፍኚበትን ቁልፍና ፍጥነቱን ንገሪያቸው፣ ኮርዱን በሦስት ቅጂ ያዢ፤ ለባስ፣ ለጊታር፣ ለኪቦርድ። ቤቱ ትንሽ ነው፣ ራስሽን ትሰሚያለሽ። አልገፋሽም። ግን ያ ዘፈንሽ 90 ላይ ሲሄድ እንዴት ያምርብሽ እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው።

ለቅዳሜው አንድ ውለታ ዋዪልኝ። ሰው ሳይበዛ ድረሺና መድረኩ አጠገብ ቆመሽ አንዴ በኃይል አጨብጭቢ። ጭብጨባው ተመልሶ ከመጣ ከፊት ለፊትሽ ግድግዳ አለ፤ እርምጃሽን እየቆጠርሽ እስከ ግድግዳው ሂጂና ስንት እንደሆነ ጻፊልኝ። እኔ ደግሞ ዘፋኞቹ ስንት ምት ሲዘገዩ እንደሚመሽ አስልቼ እመልስልሻለሁ። ሌላ ምንም ባትጽፊልኝ ቁጥሩን ብቻ ላኪልኝ።

ያንቺው