የገጠር ልጆቹ ትዝታስ?

ለአዘጋጁ፦

ስለ ትንሽ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕይወት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። የሰልፉ መዝሙር፣ ሚኒ ሚዲያው፣ በ1997 ዓ.ም. የመጣው ፕላዝማ (በቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት)፣ ሁሉም አለ። (ፕላዝማው እንኳ ጽፈን ሳንጨርስ ነበር የሚያልፈው።)

ከጽሑፉ የቀሩት የገጠር ልጆች ናቸው። ከክፍላችን ብዙዎቹ ሦስት አራት ሆነው አንዲት የጭቃ ክፍል ይከራዩ ነበር። እሁድ ማታ እንጀራና ሽሮ ተሸክመው ይመጣሉ። ሐሙስ ላይ እንጀራው ይሻግታል። እኛ ኳስ ስንጫወት እነሱ ማገዶ ይለቅማሉ። ትምህርት ያቋረጡት ሰነፎች ስለነበሩ አይደለም፤ ስንቅና ኪራይ አልቆባቸው ነው። ይህን ትተን የምናወራው ትዝታ የከተማ ልጆች ትዝታ ብቻ ነው።

የቀድሞ ተማሪዎች በየክረምቱ ቲሸርት አሳትመን፣ በግ አርደን እንገናኛለን። ደስ ይላል፣ እኔም አልቀርም። ዘንድሮ ግን የቲሸርቱ ገንዘብ ለዛሬዎቹ የገጠር ተማሪዎች የቤት ኪራይ ይዋል። የወላጅና መምህር ኅብረቱ ተማሪዎቹን ይምረጥ፤ ከገጠር የሚመላለሱበት መንገድ ስጋት ስለሚብስባቸው ከሴቶቹ ይጀምር። ከመስከረም እስከ ሰኔ ያለውን የአሥር ወር ኪራይ ለአከራዩ በቀጥታ እንክፈል።

አንድ የቀድሞ ተማሪ