ቅዳሜ ጊታር ልንሞክር ነው

ሰላም ለሁላችሁ፣

ቅዳሜ ከሰዓት ኤሌክትሪክ ጊታር ለመሞከር አብረን ሱቅ እንገባለን። ለመግዛት ገና ያልቆረጣችሁም ኑ።

ጊታሩን መጀመሪያ አምፕ (የድምፅ ማጉያው) ላይ ሳትሰኩት ተጫወቱት። አምፕ ብዙ ጉድ ይሸፍናል። በየክሩ እያንዳንዱን ፍሬት (አንገቱ ላይ በብረት የተከፈለውን ቦታ) እየተጫናችሁ ንኩ፤ የሚንጣጣ ወይም የሚታፈን ድምፅ ካለ እዚያው ይታወቃል። ቀጥሎ በቱነር (በመቃኛ መሣሪያ) ቃኙትና ክፍቱን፣ ማለትም ያልተጫናችሁትን ክር 12ኛው ፍሬት ላይ ካለው ድምፅ ጋር አስተያዩ። ያው ኖታ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ መምጣት አለበት። ትንሽ ከሳተ ብዙ ጊዜ ድልድዩ (ክሮቹ የጊታሩ አካል ላይ የሚያርፉበት ክፍል) ላይ ይስተካከላል። የተጠማዘዘ አንገት ግን ራስ ምታት ነው፤ በቅናሽም ቢሆን ይቅርባችሁ።

ከአንገቱ ጫፍ እስከ ድልድዩ ያለውን የክሩንም ርዝመት ልብ በሉ። የፌንደር ስትራቶካስተር 25.5 ኢንች ነው፣ የጊብሰን ሌስ ፖል ደግሞ 24.75 ገደማ። ሲወራ ኢምንት ይመስላል። ክር ስትስቡ ግን ጣታችሁ ይለየዋል፤ አጭሩ ላላ ይላል። ክር እየሳባችሁ ትዝታ ለምትጫወቱ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

አምፕ ላይ ስትሰኩት ድምፁን የሚቀያይረውን ኢፌክት በሙሉ አጥፉ። ቮልዩሙን ስታዞሩ ከተንኮሻኮሸ፣ ኬብሉ ሲነካ ድምፁ ከተቆራረጠ ለሻጩ ንገሩት፤ ዋጋ ለመከራከርም ይጠቅማል። ባለ ነጠላ ጥቅል ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት የሚቀበለው ክፍል) ትንሽ ቢያጉረመርም ግን አትደንግጡ፣ ተፈጥሮው ነው።

ሻጩ «ቆይ እኔ ላሰማችሁ» ካለ ደግሞ ጠርጠር አድርጉ። በእሱ እጅ የማያምር ጊታር የለም!

የለመዳችሁትን ፒክ (የክር መምቻ) ያዙ። የምንገናኝበትን ሰዓት ሐሙስ እጽፋለሁ።