የመርከብ ሞዴል የሀብታም ጨዋታ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰሞኑን ስለ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ባለ ሸራ መርከቦችን አሳንሶ ከእንጨት መሥራት ከውጭ በውድ የሚመጣ ኪት (ክፍሎቹ ተቆርጠው ለመገጣጠም የተዘጋጁበት ጥቅል) ስለሚጠይቅ የባለ ገንዘብ ጨዋታ ነው ይላል። እኔ የቴክኒክ ድሮዊንግ መምህር ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እዚህ ባሕር ዳር፣ ቤቴ ጓሮ መርከብ እሠራለሁ። ኪት ገዝቼ አላውቅም።

ኪቱ ውድ መሆኑስ እውነት ነው። ከጣሊያን፣ ከስፔንና ከዴንማርክ የሚመጡት እጅግ ያምራሉ። ግን ሥራው ከኪቱ በፊት ነበረ። በናፖሊዮን ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ አገር፣ ኖርማን ክሮስ በሚባል ካምፕ በሺዎች የሚቆጠሩ ምርኮኞች ታስረው ነበር፤ አብዛኞቹ ፈረንሳዮች ናቸው። ካምፑ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1797 ነው፣ የተዘጋው በ1814። እነዚህ ሰዎች ከሥጋ ራሽናቸው የተረፈውን አጥንት ቀቅለው፣ አንጥተው፣ ሰንጥቀው መርከብ ሠሩበት። ለገመዱ ፀጉር ሳይቀር ተጠቀሙ። ካምፑ በር ላይ በሚቆመው ገበያ እየሸጡም ገንዘብ ያገኙ ነበር። ሥራዎቻቸው ዛሬ በፒተርቦሮ ሙዚየም ይገኛሉ። ፕላን በእጃቸው ስላልነበረ ብዙ ጊዜ ምሰሶው ከልኩ ይረዝማል። ቢሆንም ፎቶውን እንኳ ሲያዩት ዓይን አይነቀልም። እስረኛ በአጥንት ከሠራው እኛን ምን ያግደናል?

አከርካሪውን፣ ማለትም ከአፍንጫ እስከ ኋላ የሚዘረጋውን ወገብ፣ እንዲሁም በእሱ ላይ ተሻግሮ ለሆዱ ቅርጽ የሚሰጠውን ጎድን ከኮምፔርሳቶ እቆርጣለሁ። ልባሱ ዋንዛ ነው። ዋንዛ ገዝቼ ግን አይደለም፤ ዛፉ እየተመናመነ ስለሆነ አዲስ ማስቆረጥ አልፈልግም። ከእንጨት ቤቶች ቁርጥራጭ እለምናለሁ። የተሰበረ የአልጋ ራስጌ ካገኘሁማ ሠርጌ ነው። ገመድ ለሚያልፍባቸው ጥቃቅን ካሩኮላዎች ወይራን የሚያህል የለም። ጠንካራ ስለሆነ በቀጭን መሰርሰሪያ ሲበሳ ቶሎ አይሰነጠቅም።

ልቤን የሚሰርቀው ጣውላ ማልበሱ ነው። አንዷ ጣውላ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት አላት። የመርከብ ሆድ ሰፊ ነው፣ አፍንጫው ጠባብ። ስለዚህ እያንዳንዷ ጣውላ ወደ ጫፏ እየቀጠነች መሄድ አለባት። ሳያቀጥኑ በግድ ካጠመዘዟት ጠርዟ ይነሳል፣ ከጎረቤቷ ጋር አትገጥምም። በፈላ ውሃ እነክራትና የጋለ ካውያ ላይ ቀስ እያልኩ አጎብጣታለሁ። እርጥብ እንዳለች በልብስ መቆንጠጫ ጎድኑ ላይ ይዤ አሳድራታለሁ። ኮላ የሚነካት በማግሥቱ ነው። አንዷ በግራ ከተለጠፈች ቀጣይዋ በቀኝ ናት። አንድ ወገን ብቻ ከተደረደረ አከርካሪው ይጣመማል፣ ከዚያ በኋላ የሚያቃናው የለም።

ገመዱስ? ከገበያ ድር እገዛለሁ። ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ እገምድና ጧፍ እንደሚሠራ ሰው በሰም አሽቼ አሳልፈዋለሁ፤ የክሩ ፀጉር ይተኛል። ምሰሶውን ወጥረው የሚይዙት ገመዶች በጥንቱ መርከብ ሬንጅ ስለሚቀቡ ጥቁር ናቸው። ሸራ የሚስቡት ደግሞ እጅ ላይ ስለሚሮጡ ሬንጅ አይቀቡም። እኔ የፊተኞቹን በጥቁር ቀለም፣ የኋለኞቹን በሻይ ቅጠል እነክራለሁ። ቋጠሮውን የማስረው በወረንጦ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆች ይመጣሉ። ለእነሱ የምነግራቸው የቫሳን ታሪክ ነው። ይህ የስዊድን የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. በ1628 ስቶክሆልም ላይ በመጀመሪያ ጉዞው 1,300 ሜትር ያህል ሄዶ ሰጠመ። እ.ኤ.አ. በ1961 ከባሕር ወጣ። ከውስጡ የአናጢዎች ማስመሪያዎች ተገኙ፤ አንዳንዱ በ12 ኢንች የስዊድን ጫማ፣ አንዳንዱ በ11 ኢንች የአምስተርዳም ጫማ የተከፈለ። የመርከቡ ግራና ቀኝም እኩል አይደለም። ያሰጠመው ዋናው ነገር ከላይ መክበዱ ነው። ለድሮዊንግ መምህር ግን የማስመሪያዎቹ ነገር ትልቅ ትምህርት ነው። ይህን የሰማች አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ «ጋሼ፣ ታዲያ ግራና ቀኙን ለምን ለየብቻ እንስላለን? ወረቀቱን አጥፈን አንዴ ብንቆርጠውስ?» አለችኝ። ሲሜትሪ፣ የግራና የቀኝ እኩልነት፣ ምን እንደሆነ በክፍል ውስጥ ስንት ዓመት ለፍቼ ያስረዳሁት ነገር፣ ይቺ ልጅ መቀስ ይዛ ገባት። ለዚህ ነው በየወጣት ማዕከሉ አንድ የሥራ ጠረጴዛ፣ ጥቂት መጋዝና የብርጭቆ ወረቀት ቢኖር የምለው። ብዙ ወጪ የለውም።

ለጀማሪ 104 መድፍ ያለውን የእንግሊዙን የጦር መርከብ ቪክቶሪን አልመክርም። ገመዱ ብቻ ያማርራል። ሳምቡክ የሚባለው የቀይ ባሕር የእንጨት ጀልባ ይሻላል። ኋላው ጠፍጣፋ፣ ሸራው ባለ ሦስት ማዕዘን፣ ገመዱ ጥቂት ነው። 20 ሜትር የሚሆን ሳምቡክ በ1 ለ50፣ ማለትም 50 ጊዜ አንሶ፣ ሲሠራ 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የዚህ ሞዴል ፕላን ደግሞ በጋዜጣችሁ አንድ ሙሉ ገጽ ላይ ሳያንስ ይገባል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይኸው ነው። የአንድ ሳምቡክ ፕላን አትሙልን። ስሉልኝ አልልም፣ ሥዕሉ ከነጎድኑ እጄ ላይ አለ። ክፍያም አልፈልግም። አንባቢ ገጹን ቆርጦ ኮምፔርሳቶ ላይ ይለጥፍና በመጋዝ ይከተለዋል። አደራ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለማስታወቂያ ቦታ ብላችሁ እንዳታሳንሱት። የጎድኑ መግቢያ የተሳለው ለ4 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ስለሆነ፣ ካነሰ አይገባም።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ መምህር፣ ከባሕር ዳር