ለአባቴ፦ ስለ ኤፒታሎን ለጠየቁኝ ጥያቄ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔም ባለቤቴም ልጆቹም ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ዕድሜ ያረዝማል የሚባለውን ኤፒታሎን የተባለ የመርፌ መድኃኒት እንድልክልዎ የጠየቁኝን በስልክ በቅጡ ልመልስልዎ ስላልቻልሁ በጽሑፍ ማድረጉን መርጫለሁ፤ እርስዎም ነገርን አንብበው፣ አስምረውበት፣ ደግመው አንብበው የሚመዝኑ ሰው ነዎት። ውሳኔዬን ከወዲሁ ላስቀድም፦ መድኃኒቱን አልልክልዎትም፤ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው እጅ እንዲደርስዎትም አላደርግም። ምክንያቴን ግን ሳልሸሽግ ላስረዳዎት ይገባኛል።

በመጀመሪያ፣ የሌኒንግራድ የትምህርት ጓደኛዎ የላኩልዎ የሩስኛ ጽሑፍ መሠረት የሌለው ወሬ እንዳልሆነ ልናገር። ቭላዲሚር ኻቪንሰን የውትድርና ሐኪም ነበሩ፤ በዚያችው እርስዎ በተማሩባት ከተማ፣ በኪሮቭ የወታደራዊ ሕክምና አካዳሚ፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር ከከብት ፓይኒያል እጢ ኤፒታላሚን የተባለውን ጭማቂ አወጡ። ይህች በአንጎል መካከል የምትገኝ ትንሽ እጢ ሌሊት ሜላቶኒን የተባለውን ሆርሞን የምታመነጭ ናት። ኋላም አላኒን፣ ግሉታሚክ አሲድ፣ አስፓርቲክ አሲድና ግላይሲን የተባሉትን 4 አሚኖ አሲዶች በቤተ ሙከራ አቀናጅተው አጭር ሰው ሠራሽ ፔፕታይድ፣ ማለትም የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት፣ ሠሩ፤ ኤፒታሎን የሚባለው እርሱ ነው። ኻቪንሰን እ.ኤ.አ. በ2024 (ሌሎቹንም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር እጽፋለሁ) እስካረፉ ድረስ ሥራቸውን አላቋረጡም።

ጽሑፉ ትልቅ ቦታ የሰጠው ቴሎሜር ለሚባለው ነገር ነው። ቴሎሜር የክሮሞሶም ጫፍ ነው፤ የጋቢ ቋጭ ድሩ እንዳይተረተር እንደሚይዘው ሁሉ፣ እርሱም የዘር መረጃችን ከዳር እየተበላ እንዳይሄድ ይጠብቃል። ሕዋስ በተከፈለ ቁጥር ግን ያጥራል፤ እጅግ ሲያጥር ሕዋሱ መከፈሉን ያቆማል። ቴሎሜሬዝ የተባለው ኢንዛይም ያጠረውን ጫፍ መልሶ ያስረዝማል፤ የዚህ አሠራር ግኝት በ2009 የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። የኻቪንሰን ቡድን በ2003 ባሳተመው ጥናት፣ ኤፒታሎን በቤተ ሙከራ ሳህን ውስጥ ባደጉ የሰው ሕዋሳት ላይ ሲጨመር ቴሎሜሬዝን እንዳነቃና ቴሎሜሩን እንዳስረዘመ ገልጿል። ይህ ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን በሳህን ውስጥ ያለ ሕዋስ ልብ የለውም፣ ኩላሊት የለውም፣ የደም ግፊትም የለውም፤ ከዚያ ተነሥቶ ስለ እርስዎ ሰውነት መናገር ትልቅ ዝላይ ነው።

በአይጦች ላይ የተደረገውን ሙከራ ደግሞ ራስዎ እንዲመዝኑት እፈልጋለሁ። በዚያው በ2003 በወጣው የእነ አኒሲሞቭ ጥናት፣ ሴት አይጦች ከሦስት ወር ዕድሜያቸው ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ በየወሩ ለ5 ተከታታይ ቀናት ኤፒታሎን ተወጉ። አማካይ ዕድሜያቸው አልጨመረም። የጨመረው ከሁሉም ዘግይተው የሞቱት 10 በመቶዎቹ የኖሩት ዕድሜ ሲሆን፣ እርሱም በ13.3 በመቶ ነው። የጓደኛዎ ጽሑፍ ይህችን ሁለተኛይቱን ቁጥር ብቻ አንሥቶ የመጀመሪያውን ነገር ዘልሎታል። መርፌው የተጀመረውም በወጣትነታቸው እንጂ በእርጅናቸው አልነበረም፤ እርስዎ ግን ሰባ ስምንት ዓመት ሆኖዎታል።

«በሰው ላይም ተሞክሮ ሞትን በግማሽ ቀንሷል» ያሉኝ የ266 አረጋውያን ጥናት ነው። ጥናቱ አለ፤ ውጤቱም እንደዚያው ታትሟል። ነገር ግን ለእነዚያ ሰዎች የተሰጣቸው ከከብት እጢዎች የወጡት ኤፒታላሚንና ታይማሊን እንጂ በብልቃጥ የሚሸጠው ሰው ሠራሹ ኤፒታሎን አልነበረም። ጥናቱን ያካሄዱትም ራሳቸው መድኃኒቶቹን የፈለሰፉት ሰዎች ናቸው። በእኛ በመድኃኒት ባለሙያዎች ዘንድ አንድ መድኃኒት የሚታመነው ፈልሳፊዎቹን የማያውቁ ሌሎች ሐኪሞች፣ በሌላ አገር፣ በብዙ ሰው ላይ ደግመው ሲያዩት ነው።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልምጣ። ባለፈው ዓመት የፕሮስቴትዎ የደም ምርመራ፣ አንዳንዴ ካንሰርን የሚጠቁመው ፒኤስኤ የሚባለው፣ ከፍ ብሎ ስለተገኘ ሐኪምዎ በየጊዜው እየተመረመሩ እንዲከታተሉት አዘዋል። አባቴ፣ ከሰው ካንሰሮች ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት ሳያቋርጡ የሚባዙት ቴሎሜሬዝን መልሰው በማንቃታቸው ነው። ኤፒታሎን ካንሰር ያመጣል የሚል ማስረጃ በእጄ የለም፤ እንዲያውም ባነሣሁልዎ የአይጦች ጥናት የደም ካንሰር ቀንሶ ነበር፤ ይህንንም አልደብቅዎትም። ሆኖም በ2025 በለንደን የብሩኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ሥራ፣ ፔፕታይዱ የጤናማ ሕዋሳትን ብቻ ሳይሆን የጡት ካንሰር ሕዋሳትንም ቴሎሜር አስረዝሟል። ፕሮስቴቱ በሐኪም ዓይን ሥር ላለ ሰው፣ ለዚያውም ለወላጅ አባቴ፣ ይህን የሚሠራ ነገር በገዛ እጄ ላቀብል አልችልም። እንቅልፍ አይወስደኝም።

ስለ ዕቃውም ያየሁትን ልንገርዎ። በምሠራበት ፋርማሲ አንድ ደንበኛ በኢንተርኔት የገዙትን ይዘው መጥተው ስለ አወሳሰዱ ጠይቀውኛል። ከአውራ ጣት የምታንስ የመስታወት ብልቃጥ ናት፤ ከታችዋ ነጭ ዱቄት ተጣብቋል፤ የተለጠፈባት ወረቀት ላይ ስሙና «10 ሚሊግራም» የሚል አለ፤ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «ለምርምር ብቻ፤ ለሰው አገልግሎት አይውልም» ይላል። የአምራቹ አድራሻ የለም፤ የምርት መለያ ቁጥርም ሆነ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን አልተጻፈባትም። በውስጧ ያለው በእርግጥ ኤፒታሎን ይሁን፣ ንጹሕ ይሁን ቆሻሻ ያለበት፣ እኔ በዚያ ባንኮኒ ላይ ቆሜ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። እርስዎ ደግሞ ዱቄቱን በውኃ በጥብጠው፣ በኢንሱሊን መርፌ ስበው፣ ሆድዎ ላይ ከቆዳ ሥር ሊወጉት ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ኤፒታሎንን በመድኃኒትነት አላጸደቀውም፤ በ2023ም ፋርማሲዎች ራሳቸው ቀምመው ቢሸጧቸው ለጤና ሊያሰጉ ይችላሉ ብሎ ከለያቸው ንጥረ ነገሮች ጋር መድቦት ነበር።

እናታችን ካረፉ ወዲህ ሌሊቱ እንደረዘመብዎ፣ የልጅ ልጆችዎንም ለወግ ለማዕረግ ሲበቁ ለማየት ምን ያህል እንደሚጓጉ አውቃለሁ። ይህ ምኞትዎ የእኔም ምኞት ስለሆነ «ይተዉት» ብዬ ብቻ ልለፍዎ አልፈልግም። እርስዎ ያችው ሜላቶኒን የምታመነጨው የአንጎል እጢ ስለ ደከመች እንቅልፍ አጣሁ ብለው ያስባሉ። ታናሽ እህቴ ግን የመድኃኒቶችዎን ፎቶ ልካልኝ አይቻለሁ፤ ከእነርሱ አንዱ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለው የደም ግፊት ክኒን፣ ሽንት የሚያሸና ነው፤ እርስዎም ከራት በኋላ እንደሚወስዱት ነግራኛለች። በማታ የተወሰደ እንደሆነ ሌሊቱን ያመላልስዎታል፤ ፕሮስቴትም ሲታከልበት ይብሳል። ብዙ ጊዜ ጠዋት እንዲወሰድ የምንመክረው ለዚህ ነው። ሐኪምዎን ሰዓቱን ወደ ጠዋት ላዛውረው ብለው ይጠይቁልኝ፤ ሲነሡም በጨለማ እንዳይወድቁ የኮሪደሩን መብራት አያጥፉት። ከቅዳሴ መልስ በእግርዎ የሚመለሱባትን መንገድ ግን አደራ እንዳያቋርጧት፤ ግፊትዎን በልኩ ይዞ መራመድ ለዕድሜዎ የሚሠራውን ያህል የሚሠራ ብልቃጥ እዚህም አገር አላየሁም።

የፒኤስኤው ቀጠሮ በጥቅምት መጀመሪያ ነው። እህቴ አብራዎት ትሄዳለች፤ የውጤቱን ወረቀት ፎቶ አንሥታ እንድትልክልኝም ነግሬያታለሁ፤ ከሐኪሙ ጋር በስልክ ካገናኘችኝ ጥያቄ አለኝ። ጓደኛዎ መርፌውን ጀምረው እንደሆነም ስኳራቸውን ለሚያዩላቸው ሐኪም ሳይደብቁ እንዲናገሩ ከእኔ ሰላምታ ጋር ይንገሩልኝ፤ ከፈለጉ ይህንኑ ደብዳቤ ያንብቡላቸው።

አክባሪ ልጅዎ
ከሜሪላንድ