ፌስታልና ሃይላንድን ስለመቀነስ

ውድ የእድራችን አባላት፣ እንደምን ከረማችሁ?

ዝናብ በመጣ ቁጥር ፌስታል ቱቦዎቻችንን ይደፍናል፤ የተረፈው ወደ አዌቱ ወንዝ ይወርዳል። በጣም ያሳዝናል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል፤ ሕጉ ባይኖርም ልንተወው የሚገባ ነገር ነው። እባካችሁ ገበያ ስትወጡ ዘንቢል ያዙ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የድንኳናችን ነገር ነው። ለለቀስተኛ የታሸገ ውሃ እንገዛለን፣ ግማሹ ሳይጠጣ ይጣላል። እድራችን ብርጭቆም ጆግም አለው። ውሃ አፍልተን፣ አቀዝቅዘን እናቅርብ፤ አጠባው በተራ ይሁን። እቤት የተጠራቀመ ሃይላንድ ያላችሁ አታቃጥሉት፣ ጭሱ ጤና ይጎዳል። ለቆራሌው ስጡት።

የድንኳኑን ጉዳይ በሚቀጥለው ስብሰባ እንወስናለን፤ ሐሳባችሁን ይዛችሁ ኑ።